በለቅሶ ቤት ማይክራፎኑ ይቆይልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክርስቲያን ሐዘን ሲደርስበት «ለምን?» ብሎ እግዚአብሔርን መጠየቅ እንደማይገባውና እንባ ማብዛትም የእምነት ማነስ ምልክት መሆኑን የሚያስተምረውን፣ በሃይማኖት ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። ጸሐፊው በጎ አስበው እንደጻፉት ከአነጋገራቸው ይታወቃል፤ ሐዘንተኛው በሐዘኑ ተውጦ እንዳይቀር መስጋታቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሰጡት ፍርድ ከመጽሐፍ ቅዱስም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም፣ እኛ በየለቅሶ ቤቱ ከምናየውም ጋር የሚስማማ ሆኖ ስላላገኘሁት ይህን መልስ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ደብዳቤው ረዘም ቢል እንደምትታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነዋሪነቴ በድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። የእድር ጸሐፊ ሥራ መዋጮ መመዝገብና የድንኳኑን፣ የወንበሩንና የብረት ድስቱን ቁጥር መያዝ ይመስላል፤ በእርግጥም አብዛኛው ይኸው ነው። ነገር ግን ሰው በሞተ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራ፣ ድንኳኑ እስኪተከል የሚቆም፣ ሠልስቱ እስኪወጣም ከሐዘንተኛው ደጃፍ የማይርቅ ሰው በመሆኑ፣ ክርስቲያኖች በሐዘን ጊዜ ምን እንደሚሉና ምን እንደሚባሉ ከቅርብ ያያል። እድራችን ኦርቶዶክሱንም፣ ካቶሊኩንም፣ ወንጌላውያኑንም ያቀፈ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አባል ሆኑም አልሆኑ ከድንኳኑ አይጠፉም። እኔ ራሴ ኦርቶዶክሳዊ ስሆን፣ የምናገርለት ልማድ በሁላችንም ቤት ስለገባ የአንዱን ወገን ገመና ለማውጣት የምጽፍ እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ።

ልማዱ እንዲህ ነው። ቀድሞ ሕዝቡ ከቀብር ሲመለስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቀመጡና ሙሾ አውራጇ ትጀምር ነበር፤ ወንዶቹም አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ፣ የሚያለቅሰውም ያለቅሳል። ዛሬ ግን እጅ ታጥቦ ንፍሮው ገና ሳይዞር ድምፅ ማጉያው ይገጠማል። ሰባኪው ማይክራፎኑን ይጨብጥና ማልቀስ እንዲበቃ፣ ሟቹ በተሻለ ቦታ እንዳለ፣ በእንባችንም እግዚአብሔርን ማሳዘን እንደማይገባን በከፍተኛ ድምፅ ያውጃል። አንዳንዱ መዝሙር ያስከትላል፤ አንዳንዱም እልልታ ይጠይቃል። የሟች እናት፣ ጥፋት ስትሠራ እንደተያዘች ሰው፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ትሰበስባለች። ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ ለእርሷ የተዘጋጀ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ርቀው ለለቅሶ ብቻ ለመጡት ሰዎች ነው። ሰባኪዎቹ እነዚህን ሰዎች ሌላ ቦታ እንደማያገኟቸው አውቃለሁ፤ ጉዳዩ አጣዳፊ ሆኖ ቢታያቸውም አልፈርድባቸውም። ሆኖም የሌላው ሰው ንስሐ የሚገዛው በሐዘንተኛይቱ ዝምታ ከሆነ ዋጋው የበዛ ይመስለኛል።

በዚህ ነገር ላይ ጠንከር ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ በአንዲት ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ያየሁት ነው። በጂቡቲ በኩል ወደ የመን ለመሻገር የተነሣው ልጇ የተሳፈረበት ጀልባ መስጠሙ በስልክ ተነገራት። አስከሬን የለም፤ ቀብርም የለም። ከትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ ተነሥቶ እንዲተልቅ የተደረገው ፎቶግራፉ ነጠላ በለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከመተለቁ የተነሣ ፊቱ ደብዝዞ፣ ከአንገቱ ላይ ግን የማኅተሙ ግማሽ ክብ ጎልቶ ይታያል። የድንኳኑ ሸራ በቀትር ፀሐይ ግሎ ሴቶቹ በካርቶን ቁራጭ ይራገቡ ነበር። እናትየው ለብዙ ሰዓት አንድም ቃል አልወጣትም። ከዚያም ከፎቶግራፉ ላይ ዓይኗን አንሥታ፣ ድምፅዋንም ሳታበዛ እንዲህ አለች፦

ባሕሩ ሰፊ ነው ወሬ አያመላልስ፣
አንተ ያየኸውን ንገረኝ እስክደርስ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁለተኛውን ግጥም ሳትጀምር ግን ሰባኪው ማይክራፎኑን አንሥቶ «እኅቴ፣ እግዚአብሔርን አትጠያየቂ፤ እርሱ የሚያደርገውን ያውቃል» አላትና ወደ ስብከቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ሠልስቱ እስኪወጣ ድረስ እኔ በነበርሁበት ሰዓት ሁሉ ድምፅዋን አልሰማሁም።

እስቲ ያን ግጥም በእርጋታ እንመልከተው። የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ባሕሩ ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው። ሰው ያላየውን እርሱ እንዳየ ታምናለች፤ አንድ ቀን እርሱ ወዳለበት፣ ልጇም ወዳለበት እንደምትደርስ ታምናለች፤ እስከዚያው ድረስ ደግሞ ከእርሱ ሌላ የምትጠይቀው የላትም። ይህች ሴት ነገረ መለኮት አልተማረችም፤ ነገር ግን ሁሉን አዋቂነትንም፣ ትንሣኤ ሙታንንም፣ ልመናንም በአንድ ስንኝ ውስጥ አስገብታዋለች። እንድታቆም ከተነገራት በኋላ በተሰበከው በዚያ ረጅም ስብከት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሃይማኖት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

«እግዚአብሔርን አትጠያየቂ» የሚለውን ተግሣጽ ከዳዊት መጽሐፍ ፊት እናቁመው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» የሚለው የማን ቃል ነው? «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» የሚለውስ? ከመዝሙራቱ ሲሶ ያህሉ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ምስጋናና ውዳሴ ብቻ ያለበት ዳዊት ከፈለግን የመጽሐፉን ብዙ ቅጠል መግንጠል አለብን። እነዚህ ጥያቄዎች በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ነቀፌታ አላገኛቸውም፤ የጸሎት መጽሐፍ ሆነው ለሕፃን ፊደል ማለማመጃ፣ ለሽማግሌ የዕለት ስንቅ ተደርገው ተሰጡ እንጂ። እኛ ድሬዎች ለሽማግሌም ቢሆን «አንተ» እንላለን እየተባልን በመሃል አገር ሰዎች ዘንድ እንሣቃለን፤ ዳዊት ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር ግን ከእኛም ይብስ ደፋር ነው።

ዳዊት የሚደግም ሰው እንደሚያውቀው፣ በተለመደው የሳምንት አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያለው ይደገማል። በዚህ አከፋፈል መሠረት በግዕዙ አቆጣጠር 87ኛው፣ በአንዳንድ የአማርኛ ኅትመት ደግሞ 88ኛው የሆነው መዝሙር በየሳምንቱ ሐሙስ ይደርሳል። ይህ መዝሙር ከመዝሙራት ሁሉ የጨለመው ነው። ከሌሎቹ የሐዘን መዝሙራት አብዛኞቹ በልቅሶ ጀምረው ወደ ፍጻሜያቸው ሲደርሱ ወደ መታመን ወይም ወደ ምስጋና ዘወር ይላሉ። ይህኛው አይዞርም። ባለ መዝሙሩ ቀንና ሌሊት መጮኹን ይናገራል፣ ለሙታን ተአምራት ታደርጋለህን ብሎ ይሞግታል፣ ወዳጆቹ እንደራቁት ይነግረዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል፣ የማጽናኛ ቃል አልተጨመረለትም። አንድ ነገር ብቻ አለው፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ልጁን የዳረ፣ ሹመት ያገኘ፣ ንግዱ የቀናለት ሰው ዳዊቱን ሲገልጥ ይህ መዝሙር ይጠብቀዋል፤ ዛሬ እኔ ደስ ብሎኛልና ልዝለለው ማለት አይችልም። ታዲያ የማን ሐዘን ነው የሚያዜመው? በዚያ ሰዓት አፉ ለተለጎመው፣ ጸሎት ለጠፋው፣ ምናልባትም በቅርብ ሠፈር ለተቀመጠው ሰው ይጸልይለታል ማለት ነው። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ይህን አስበው ይሁን አይሁን አልከራከርም፤ የሚሠራው ግን እንዲህ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ለማርኬሊኖስ በላከው ደብዳቤ መዝሙራት ለሚዘምራቸው ሰው የነፍሱን ሁኔታ እንደሚያይባቸው መስተዋት እንደሚሆኑለት ጽፏል። በሌሎቹ መጻሕፍት የተነገረውን ስናነብ የሌላውን ሰው ቃል እንሰማለን፣ መዝሙርን ስናነብ ግን እንደ ራሳችን ቃል እንናገረዋለን የሚለውም የእርሱ ትምህርት ነው። እንግዲህ ያዘነው ሰው በመስተዋቱ ውስጥ የሌላ ሰው ፈገግታ እንዲያይ ለምን እናስገድደዋለን?

ጸሐፊው ኢዮብን የትዕግሥት ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውታል፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን የጠቀሱት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነው። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ይኸው ትዕግሥተኛ ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ፈጣሪውን ከእኔ ጋር ተከራከር ይለዋል፣ መልስ ስጠኝ ይለዋል። ሦስቱ ወዳጆቹ ግን እንደ ዛሬዎቹ የድንኳን ሰባኪዎች ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ቆሙ። የመጽሐፉ ፍርድ በመጨረሻው ምዕራፍ ተጽፏል፤ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ጩኸት ሳይሆን በወዳጆቹ ንግግር ነበር፣ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ። ከዚያም አልፎ ለእነርሱ እንዲጸልይላቸው የታዘዘው ያው ያማረረው ሰው ነው። የሚገርመው እነዚያ ወዳጆች ጅምራቸው መልካም ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት በመሬት ላይ ተቀምጠዋል። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ሚዛን እንደሚደፋ አልክድም። እስራኤል በምድረ በዳ ባጉረመረሙ ጊዜ ተቀጥተው የለምን? አዎን፣ ተቀጥተዋል። ነገር ግን ኦሪት ዘኍልቍን ስናነብ ሕዝቡ ያጉረመረመው በሙሴና በአሮን ላይ፣ እርስ በርሱም «አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ» እየተባባለ ነው። ስለ እግዚአብሔር ያወራል እንጂ ለእግዚአብሔር አይናገርም፤ ፊቱንም ወደ መጣበት አዙሯል። ሙሴ ራሱ በዚያው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም፣ ይልቁንስ ግደለኝ እስከማለት ደርሶ በእግዚአብሔር ፊት አማርሯል፤ የተመለሰለት ግን ቅጣት ሳይሆን ሸክሙን የሚካፈሉ ሰባ ሽማግሌዎች ናቸው። ዕንባቆምም «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» ብሎ ነቢይነቱ አልተነሣበትም። ሰው ከእግዚአብሔር ፊት ሳይሸሽ እስከጮኸ ድረስ ጩኸቱ ጸሎት ነው። የሚያስፈራው በጨዋነት ዝም ብሎ ቀስ በቀስ የሚርቀው ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከእድሩ መዝገብ ውስጥ በስም ልጠራ እችላለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የቀሩት በለቅሶው ቀን አይደለም፣ ለቅሶውን ከተከለከሉ በኋላ ነው።

ስለ ጌታችን የሚታወቀውን መድገም ባልወድድም መዝለል አይቻልም። አልዓዛርን እንደሚያስነሣው አስቀድሞ ለደቀ መዛሙርቱ ከተናገረ በኋላ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፈሰሰ፤ የትንሣኤ ተስፋ ልቅሶን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ከእርሱ በላይ ልቅሶ የማያስፈልገው ማን ነበር? የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ጸሎቱን ከብርቱ ጩኸትና ከእንባ ጋር እንዳቀረበ ይናገራል፤ በመስቀል ላይም በአፉ የተገኘው የዳዊት የሐዘን መዝሙር ነው። ሰባኪዎቻችን ዘወትር የሚጠቅሱት የተሰሎንቄው መልእክት ራሱ የሚለው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው። ሐዋርያው የሐዘንን ዓይነት ለየ እንጂ ሐዘንን አልሻረም፤ ለሮሜ ሰዎች በጻፈውም ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ አለ፣ የሚያለቅሱትን ዝም አሰኙ አላለም።

የቤተ ክርስቲያናችን የዓመቱ ሥርዓት ለልቅሶ ሰፊ ቦታ መስጠቱ ከዚህ የመጣ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። በሰሙነ ሕማማት ሰላምታ ይቀራል፣ መስቀል መሳለም ይቀራል፣ ሰቆቃወ ኤርምያስ ይነበባል፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ ለሁሉም በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይፈታል። ሰቆቃወ ኤርምያስን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው በመካከሉ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ አለመጥፋታችን እንደተነገረ ያውቃል፤ ነገር ግን መጽሐፉ በዚያ አያቆምም፤ ሌላ ሁለት ምዕራፍ ያለቅስና ያለ ማጽናኛ ያበቃል። ይህ አጨራረስ ስለሚከብድ አይሁድ በምኩራብ ሲያነቡት ከመጨረሻው በፊት ያለውን የልመና ቁጥር ይደግሙታል። እንዲለሰልስ ፈልገዋል ማለት ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ቁጥር አልፋቁትም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለምሥራቅ ሰዎች ቅርብ ሆኖ የሚሰማኝ ሰቆቃወ ድንግል ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት፣ አገሩ ሁሉ በአበባ በተሸፈነበት ጊዜ፣ ሊቃውንቱ ሌሊቱን ቆመው የሚያዜሙት ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን እናት ልቅሶ ነው፤ ረኀቧን፣ ጥሟን፣ የበረሃውን ግለት፣ ማደሪያ የከለከሏትን ሰዎች። ድሬዳዋ መንገደኛ የማይቋረጥባት ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐዲዱን እዚህ ካደረሰ ጀምሮ ሰው ወደ ባሕሩ ሲወርድና ከባሕሩ ሲመለስ ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ የማይመለሱት በዝተዋል። በእመቤታችን ስም የስደተኛ እናት ልቅሶ ለአርባ ቀን በቅኔ ማኅሌት የሚዘመርለት ሕዝብ፣ ልጇ በዚያው ባሕር የቀረባትን እናት በድንኳን ውስጥ ዝም በይ ሲል ነገሩ እንዴት እንደሚገናኝ አይገባኝም።

የራሔልን እንባ ታሪክም ከመምህራን አፍ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በግብፅ ባርነት ዘመን ነፍሰ ጡር ሆና ጭቃ ትረግጥ የነበረች እናት መንታ ብትወልድ አሠሪዎቿ ልጆቿን ከጭቃው ጋር እንድትረግጥ አስገደዷት፤ እርሷም እንባዋን በእፍኟ ተቀብላ ወደ ሰማይ ረጨችው፤ እግዚአብሔርም ሕዝቡን ለማዳን የወረደው ከዚያ በኋላ ነው ይላል ትረካው። የሰማነው በልጅነታችን ስለሆነ እንደ ተረት አሳልፈነዋል እንጂ፣ መልእክቱ በጣም ድፍረት ያለበት ነው፦ ቃል አልነበራትም፤ የረጨችው እንባ ግን እንደ ጸሎት ተቆጠረላት።

ልቅሶን የማሳፈር ልማድ አዲስ አይደለም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ እናቱ ሞኒካ በ387 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባረፈች ጊዜ የሆነውን ሲተርክ፣ ታዳጊው ልጁ በጩኸት ሲያለቅስ በቤቱ የነበሩት ሁሉ ዝም እንዳሰኙት ጽፏል፤ በእምነት ለሞተች ሴት ዋይታ አይገባም ብለው አስበው ነበርና። ራሱም እንባውን በግድ ይዞ ቀበራት። ኋላ ግን ብቻውን በሆነ ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት ስለ እርሷና ስለ ራሱ አለቀሰ፤ እንባውንም ለልቡ እንደ መኝታ ዘረጋለት። በዚያ ቤት ከልጁ ጩኸት በኋላ የተደረገው ግን ልብ ይባል፤ አንዱ ወዳጃቸው መዝሙረ ዳዊት አንሥቶ ዘመረ፣ የቀሩትም ተቀበሉት።

የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚያስታውስ የከተማችን ሰው ይህን ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ከቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በደጋው የጣለው ዝናብ በደረቁ አሸዋ ላይ ወርዶ በእንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው ከነቤቱ ወሰደው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ገባ። ስለት አስገብተው ከቁልቢ የተመለሱ ሰዎች በዚያው ሰሞን ለቅሶ ተቀመጡ፤ አንዳንዱ ቤተሰብ የሚቀብረው አስከሬን እንኳ አላገኘም። «እግዚአብሔር ምክንያት አለው» የሚለውን ቃል በዚያ ሳምንት በዚህ ከተማ ደፍሮ የተናገረ ሰው ትዝ አይለኝም፤ ትዝ የሚለኝ «እግዚኦ» ብቻ ነው። የልጆቹን ልብስ ከአሸዋ ውስጥ ቆፍሮ ሲያወጣ ላየሁት አባት ቄሱ የነገሩት ነገር የለም። እጀ ጠባባቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቡ ተንበረከኩና አብረውት አሸዋውን በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር።

ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንድ ነገር ልበል። በእነርሱ ዘንድ በመከራ ጊዜ ሰብር፣ ማለትም ትዕግሥት፣ ይታዘዛል፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማልቀስም አይወደድም፤ ለዚህም የራሳቸው ሃይማኖታዊ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ከእኛ ድንኳን ሲገቡ ያንን ሥርዓት በእኛ ላይ ሲጭኑ አላየሁም፤ ቡናውን ይዘው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እስከ ማታ ይቆያሉ። ዝምታ ለሚጠይቀን ለገዛ ወንድማችን ሰባኪ ከእነርሱ የሚማረው ነገር አለ።

ይህን ስል ለቅሶ ሁሉ ይሁን ማለቴ አይደለም። ፊት መንጨትንና ሥጋን መቧጨርን ኦሪት ከልክሏል፣ አባቶቻችንም ሲያወግዙት ኖረዋል፤ እኔም በእድሩ ስም ተው ካልኋቸው ሰዎች ጥቂቶቹ እስካሁን አኩርፈውኛል። ለታይታ የሚወርድ ሙሾም አለ፣ ሟችን ትቶ ሕያዋንን የሚወጋ። ሐዘኑ ወራት አልፎ ምግብና እንቅልፍ ለነሣው ሰው ደግሞ ከካህን በተጨማሪ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ይህን መናገር የሚያሳፍር መሆን የለበትም።

የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በመጪው የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሕዝቡ ከቀብር ከተመለሰበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሠልስት ድረስ በድንኳኑ ውስጥ ማይክራፎን እንዳይገጠም፣ ስብከትም ሠልስት ዕለት እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጀመሪያው ማታ ዳዊት የሚደግም አንድ ካህን ወይም ዲያቆን ይጠራ፤ ወንጌላውያን አባሎቻችንም ያንኑ መዝሙር ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ከራሳቸው ይምረጡ። የሚነበበውም ሐዘንተኛው ቤተሰብ ካልተቃወመ በግዕዙ አቆጣጠር 12ኛው፣ 21ኛውና 87ኛው መዝሙር ይሁን፤ 87ኛው በሚነበብበት ጊዜ አንባቢው ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ የራሱን ማጽናኛ እንዳይጨምርበት በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። ሙሾ አውራጅ ያለችበት ቤት ደግሞ ሙሾዋ ሳይቋረጥ ትጨርስ።

የድምፅ ማጉያው ኪራይ በአንድ ለቅሶ ከሻይ ቅጠሉና ከስኳሩ ወጪ እንደሚበልጥ የሒሳብ መዝገባችን ያሳያል፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዡም እንደሚደግፈኝ እገምታለሁ። የሚቃወሙኝ አንዳንድ ወንድሞች እንዳሉ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ከእነርሱም ሆነ ከዓምዱ ጸሐፊ፣ ወይም ጉዳዩን ከእኔ አብልጠው ከሚያውቁ አባቶች መካከል መልስ ያለው ቢገኝ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት በዚሁ ገጽ ላይ ብታወጡልን መልካም ነው። እኔም ጋዜጣውን ይዤ ገብቼ ለአባላቱ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን